የተፈጨው ሥጋዬ ውስጥ ያለውን የጻፍኩ ዕለት

በካዛንቺስ ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም ሥጋ የሸጠ ሰው ሞልቷል። ሥጋ ያወቀ ግን እኔ ነኝ። ለመኩራራት አይደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ለመኩራራትም ነው። ዓይኔን በጨርቅ ሸፍናችሁ ጣቴን ሥጋ ላይ ብታሳርፉት ሽንጥ ይሁን ዳቢት፣ በሬው ያረሰ ይሁን ቆሞ የደለበ፣ የዛሬ እርድ ይሁን የትናንት እነግራችኋለሁ። የሠፈሩ ሰው ይህን ያውቅ ነበር። ሠርግ ያለበት፣ ክርስትና ያለበት፣ በሬ ሊገዛ ሲሄድ እኔን ይዞ ነበር የሚሄደው።

ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። በጉብዝናዬ ቄራ አካባቢ ሥጋ ቤት ስቀጠር ሥራዬ መጠቅለል ነበር፤ የምንጠቀልለው ደግሞ በአሮጌ ጋዜጣ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ደም ያልነካውን ገጽ እየመረጥኩ፣ ያገኘሁትን ሰው "ይቺ ማን ናት?" እያልኩ ፊደል ለየሁ። በዓመቱ ለሠራተኛው ሁሉ ዜና የማነበው እኔ ሆንኩ። እንግሊዝኛውን ደግሞ በኋላ፣ መዝገበ ቃላት ገዝቼ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩት። አስተማሪ ያለው ሰው የሚማረው አስተማሪው የሚያውቀውን ያህል ነው። እኔ ወሰን አልነበረኝም።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ እውቀቴ አይደለም። በአንድ ካርቶን ላይ ስለጻፍኩት ጽሑፍና ከዚያ በኋላ ከእጄ መብላት ስላቆሙ ሰዎች ነው። ሠፈሩ ፈርሷል፤ ጎረቤቴ ሁሉ ጎተራ ኮንዶሚኒየም የገባው ገብቶ፣ ዳር የወጣው ወጥቶ፣ የሞተው ሞቶ ተበትኗል። ያን ጊዜ ዝም ያልኩላቸው ሰዎች ስለሌሉ አሁን ብናገር የሚጎዳ የለም። የሚጠቅምም የለም።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ከባምቢስ ወደ ካዛንቺስ በሚያወጣው መንገድ ዳር የራሴን ሥጋ ቤት ከፈትኩ። ጠባብ ናት። በሯ ላይ መስቀሉን የሳልኩት፣ ግድግዳዋን ነጭና ቀይ የቀባሁት ራሴ ነኝ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አንድ ሆቴል አሮጌ የወጥ ቤት ዕቃውን ሲያራግፍ የሥጋ መፍጫ ማሽን አገኘሁ። የጣሊያን ሥሪት ነው፣ እንደ ጥጃ ይከብዳል። "አይሠራም፤ ለብረቱ ከሆነ ውሰደው" አሉኝ። ወሰድኩት። ፈታሁት፤ ያለቀውን ጥርስ ቶርኖ ቤት አስቀረጽኩ፤ መልሼ ገጠምኩት። መጀመሪያ ሲነሳ የጎረቤቱ አምፖል ሁሉ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ቀርቶ "ጋሽ ማሽን" ተባልኩ። ደስ ይለኝ ነበር።

ደስ ያላላት ባለቤቴ ብቻ ናት። ባለቤቴ የጉራጌ አገር ልጅ ነች፤ ቢላና መክተፊያ በእናቷ እጅ እያየች ያደገች። ማሽኑን ዞራ ዞራ አየችውና "ሥጋ ይከተፋል እንጂ አይፈጭም። የሚፈጭ እህል ነው" አለች።

"አንቺ አንድ ኪሎ ከትፈሽ እስክትጨርሺ እኔ ሠፈሩን ሁሉ አጠግባለሁ።"

"ማጥገቡንስ ታጠግብ ይሆናል። ግን ብረቱ ሥጋውን ያሞቀዋል፤ የሞቀ ሥጋ ቶሎ ይቆጣል።"

"እሱ ሳይቆጣ አንቺ ተቆጣሽ" አልኳት። ሳቀች። በዚያ ዘመን እንስቅ ነበር።

ስለ ሙቀቱ ግን እውነቷን ነበር። በኋላ መጽሐፍ ላይ አገኘሁትና ከሥጋው ጋር የተሰባበረ በረዶ መጨመር ጀመርኩ። እሷ ነግራኝ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም።

የተፈጨው ሥጋ ገበያው ጥሩ ነበር። በካዛንቺስ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ብዙ ነው። ሴቶቹ ከሥራ ሲወጡ ቤት ገብተው የሚከትፉበት ጊዜ የላቸውም፤ ለምንቸት አብሻቸው ከእኔ ይወስዳሉ። ቆይቶ በባምቢስ በኩል በርገር ቤቶች ተከፈቱ፤ እነሱም መጡ። ችግሩ ቀለሙ ነበር። ጠዋት የፈጨሁት ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል። ምንም ሆኖ አይደለም፤ ነፋስ ነክቶት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ግን ሥጋ የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ከቀላ የዛሬ ነው፣ ከጠቆረ ያደረ ነው፤ ሌላ ማስረጃ አይቀበልም። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ማክሰኞ የተረፈ ሐሙስን መጠበቅ አለበት፤ ሐሙስ ደግሞ ማንም አያየውም።

ይህን ችግር ሳብሰለስል ለሆቴሎች ዕቃ የሚያቀርብ አንድ ሰው ነጭ፣ ጨው የሚመስል ዱቄት በላስቲክ አመጣልኝ። "ቀለሙን ይጠብቅልሃል፤ ትልልቆቹ ሁሉ የሚያደርጉት ነው" አለኝ። ሌላው ሰው ቢሆን በእፍኝ ይጨምር ነበር። እኔ መጀመሪያ ላስቲኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ መዝገበ ቃላቴን ይዤ ቃል በቃል ፈታሁ። ቀጥሎ ከአንድ ወርቅ ሠሪ ትንሽ ሚዛን ገዛሁ። ከዚያ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ወሰድኩ፤ በአንዱ ዱቄት የገባበት፣ በአንዱ ያልገባበት ሥጋ አድርጌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። በማግሥቱ አንዱ እንደ አሮጌ ቆዳ ጠቁሯል፤ ሌላው እንደ ጽጌረዳ ቀልቷል። ዩኒቨርሲቲ የገቡት ላብራቶሪ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ዱቄቱ ሌላም ነገር አመጣልኝ። ቀድሞ የምጥለውን ቅንጥብጣቢ፣ ከአጥንት የተፋቀውን፣ ከጅማት የተላቀቀውን፣ ሁለት ጊዜ አድቅቄ ፈጭቼ ከደህናው ጋር ስቀላቅለው አንድ ሆነ። የሚለየው ሰው አልነበረም። ለምን ይለያል? ሥጋ ነው። ጭቅናው ላይ የዞረው ደም እሱም ላይ ዞሯል። ቁርጡን የሚበላ ባለገንዘብ ነው፤ የተፈጨውን የሚበላ አነስተኛ ደመወዝተኛ ነው። እኔ ለዚያ ደመወዝተኛ በረከሰ ዋጋ ሥጋ አቀረብኩለት። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ሸጥኩ። የታመመ የለም፤ ያማረረ የለም። እንዲያውም "ጋሽ ማሽን፣ የእርስዎ ሥጋ ምንድነው እንዲህ የሚለሰልሰው?" ይሉኝ ነበር። "እጄ ነው" እላቸው ነበር።

በእነዚያ ዓመታት በሥጋ ቤቴ ፊት ካለው አግዳሚ ላይ የማይጠፋ አንድ ጡረተኛ መምህር ነበር፤ ከእኔ ጋር እኩያሞች ነን። ጋዜጣ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ቀድሜው አንብቤው ስለምቆይ እንከራከራለን። ማክሰኞና ሐሙስ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ይዞ ይሄዳል። ዲፕሎማ የነበረው እሱ ነው፤ በክርክር የሚረታው ግን እኔ ነበርኩ።

አንድ ሳምንት፣ አንዲት ሴትዮ ሬዲዮ ላይ ደውላ በከተማው የሚሸጠው የተፈጨ ሥጋ ውስጥ አህያ አለበት፣ አንጀት አለበት፣ ቀለም አለበት ብላ ተናገረች። የት፣ የማን ቤት፣ ምንም አላለችም። በማግሥቱ ሥጋ ቤቴ ወሬ ሆነ። ከየመሥሪያ ቤቱ የሚመጡት ልጆች እየሳቁ ይገባሉ።

"ጋሼ፣ ያ የሚሉት ነገር ይጮሃል እንዴ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ?"

"የሚጮኸው አንቺን ሲያይ ነው" አልኳት አንዷን፤ ሁሉም ሳቁ። ግን ግማሽ ኪሎ የምትወስደው ሩብ ወሰደች፤ ሩብ የምትወስደው "ዛሬ እንኳ ሽሮ አስቤያለሁ" ብላ ሄደች።

መምህሩ ጋዜጣውን አጥፎ "ነገሩ ምን መሰለህ?" አለኝ። "ቁርጥ ሲሆን ታየዋለህ። ስቡን፣ ጅማቱን፣ ሁሉን ታየዋለህ። የተፈጨ ግን የእምነት ጉዳይ ነው።"

"እኔን አታምነኝም?"

"አንተን አምናለሁ። ማሽኑን ነው የማላውቀው።"

ይህ ቃል ሌት ተቀን ከነከነኝ። እኔ የምደብቀው የለኝም። የማያውቅ ሰው ነው የሚፈራው፤ ካሳወቅኩት አይፈራም። ይህ የእኔ የሕይወት ልምድ ነው፤ እኔ ራሴ አንብቤ ነው ከፍርሃት የወጣሁት። ስለዚህ አንድ ትልቅ ካርቶን ፈልጌ በቀይና በጥቁር ቀለም፣ በዚያ ማንም በማይደርስበት እጅ ጽሕፈቴ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"በዚህ ቤት በሚሸጠው የተፈጨ ሥጋ ውስጥ ያለው ይህ ብቻ ነው። አንደኛ፣ የበሬ ሥጋ። ሁለተኛ፣ ከዚያው በሬ አጥንትና ጅማት የተለቀመ ቅንጥብጣቢ። ሦስተኛ፣ በረዶ። አራተኛ፣ የሥጋውን ቀለም የሚጠብቅ ዱቄት፣ በሚዛን ተለክቶ። ከዚህ ሌላ ያገኘ መጥቶ ይክሰሰኝ።"

ከመስቀሌ በፊት ለባለቤቴ አነበብኩላት። እሷ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ላስተምራት ብዬ ብዙ ጊዜ ጀምረን በእኔ ትዕግሥት ማጣት አቁመናል። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ዱቄት አለበት?"

"አለበት። ሁለት ዓመት ሆኖታል።"

"አልነገርከኝም።"

"ምን ይነገራል? የሙያ ነገር ነው።"

"ለእኛም ቤት የምታመጣው ይኸው ነው?"

"ታዲያስ፤ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?"

"ይህን አትስቀል" አለችኝ። "ሰው ያልጠየቀህን አትመልስ።"

"እየጠየቀኝ እኮ ነው።"

"የጠየቀህ አህያ አለበት ወይ ብሎ ነው። የለበትም በለው፤ በቃ። ቅንጥብጣቢ ብለህ ጽፈህ ሰውን ጉረስ ትላለህ?"

"አንቺ ሰውን ንቀሻል" አልኳት። "ሰው እውነት ይወዳል።" ሰቀልኩት።

መጀመሪያ ያነበበው መምህሩ ነው። መነጽሩን አድርጎ ቆሞ አነበበ፤ እንደገና አነበበ። "ጽሕፈትህ ያምራል" አለኝ። ያን ቀን ሐሙስ ነበር፤ ግማሽ ኪሎውን ግን አልጠየቀም። እኔም ረስቶት ነው ብዬ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ተቀበለኝ፤ አመስግኖ ሄደ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን "ሐኪም ሥጋ ቀንስ ብሎኛል" አለኝ።

ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ካርቶኑን ያነብባሉ፤ አንዷ ሌላዋን በክርኗ ትነካታለች። "እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ስንበላው የነበረው...?" ትላለች አንዷ። "ስትበይው ከርመሽ ምን ሆንሽ?" እላታለሁ። "ምንም" ትላለች፤ ፊቷ ግን ተቀይሯል። አህያ የሚለውን ወሬ ሲሰሙ እየሳቁ ይገዙ የነበሩት ሰዎች፣ እኔ እውነቱን በሚዛን ለክቼ ስነግራቸው መሳቁንም መግዛቱንም ተዉት። በሁለተኛው ወር "ጋሽ ማሽን" የሚለው ስም ቀርቶ "ጋሽ ዱቄት" ተባልኩ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሥጋ ቤት አለ። ባለቤቱ የተሰቀለው ሥጋ ሁልጊዜ የቀላ እንዲመስል ቀይ አምፖል አብርቶበታል። እሱም ማሽን አለው፤ ምን እንደሚያስገባበት እግዜር ይወቅ። ምንም አልጻፈም። ደንበኞቼ መንገዱን ተሻግረው እዚያ ተሰለፉ።

ካርቶኑን አላወረድኩም። ባወርደው ጥፋተኛ ነኝ ማለት ይሆናል። መምህሩ አንድ ጊዜ "አውርደውና ሰው ይርሳው" ሲለኝ "መጽሐፍ አንብበህ ስታበቃ ገጹን ትቀድዳለህ እንዴ?" አልኩት። ፀሐይ ቀዩን ቀለም አነጣችው፤ እኔ በየዓመቱ እየደገምኩ እቀባው ነበር። በርገር ቤቶቹም አንድ አንድ እያሉ ራቁ። የቀረኝ ቁርጥ የሚገዛ ጥቂት ሰው ነው። ማሽኑን ግን በየቀኑ አስነሳው ነበር፤ ትንሽ ፈጭቼ ግማሹን ለቤቴ እወስዳለሁ።

ቤቴ መጽናኛዬ ነበር። ባለቤቴ ምንቸት አብሹን ትሠራና ታቀርብልኛለች፤ እኔ አንድ ጉርሻ ወስጄ "አየሽ፣ ይኸው ነው! ይህን ነው ዱቄት ዱቄት የሚሉት" እላለሁ። "ቅመስ እስቲ ይህን ልስላሴ። ማሽኑ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ቢላ እንዲህ አያደርግም።" እሷ "ብላ፣ እንዳይቀዘቅዝ" ትላለች። እሷም ትበላለች። ሠፈሩ ሁሉ ቢተወኝ አንድ ምስክር አለችኝ እያልኩ እጽናና ነበር። የግቢያችን ውሻ እንኳ ከእኔ ወገን ነበር። ከበር ስገባ ዘልሎ የያዝኩትን ፌስታል ያሸታል። ለመምህሩ "ውሻ አይዋሽም፤ ደህና ሥጋ ያውቃል" ብዬ ነግሬዋለሁ። ከጎረቤት ውሻ ሁሉ የወፈረ የእኛው ነበር።

ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቄራ ያለች አክስቷን ልትጠይቅ ትሄዳለች። አብራት የምትሄደው ጓደኛዋ የእድራችን ወጥ ሠሪ ነች፤ ድምፀ ጎርናና፣ የሳቅ ሰው። ሲመለሱ ዘንቢላቸው ከባድ ነው። ምን እንደያዙ ጠይቄ አላውቅም። የሴት ዘንቢል ውስጥ አፍንጫዬን አላስገባም፤ ይህንንም እንደ ጨዋነት እቆጥረው ነበር።

ከዚያ ባለቤቴ ታመመች። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። ከበሽታው ስም ጀምሬ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የሐኪሞቹን ወረቀት ከእነሱ ጋር ቆሜ ተከራክሬበታለሁ። ያ ሁሉ ንባቤ አንድ ቀን አልጨመረላትም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዓረፈች።

ልቅሶ ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ወሬ ልሰማ አይገባኝም ነበር። ግን ድንኳን ሸራ ነው፤ ድምፅ አይከለክልም። በሁለተኛው ቀን ከጀርባዬ፣ ከሸራው ውጭ፣ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ልብ ነው አሉ?"

"ልብ ይበሉ እንጂ። ስንት ዓመት ያንን ስትበላ የኖረች ሴት። እኛ እንኳ የቀመስነው..."

"ኧረ ዝም በይ፤ ይሰማል።"

ሰምቻለሁ። በዚያ ሳምንት በሰዎች ዓይን ውስጥ ያንኑ ደጋግሜ አነበብኩ። ማንበብ ደግሞ እችላለሁ። ሰው አጽናንቶኝ እጄን ሲይዝ፣ የያዘው የዱቄት ሰጪውን እጅ እንደሆነ ያስታውቃል። ሚስቴን የገደልኩ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ለአርባዋ አንድ ነገር ቆረጥኩ። ሠፈሩ ከእጄ ይብላ። አንድ ቀን ብቻ፣ በእሷ ስም፣ ከእጄ ከበሉ ያ ነገር ከስሜ ላይ ይወርዳል። ከቄራ ግማሽ በሬ አስመጣሁ። ከፊሉን ለቀይ ወጥ ቆራረጥኩ፤ ከፊሉን ለምንቸት አብሽ በማሽኔ ፈጨሁ። ቅንጥብጣቢ አልጨመርኩበትም። ዱቄትም አላስገባሁበትም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር ያን ሁሉ ዓመት በካርቶኑ ላይ ያልኩት ሁሉ ይፈርሳል። ሚዛኑን መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩበት።

ቅዳሜ ነው። ድንኳኑ ሞላ። ቄሱ ጸሎት አደረጉ፤ ምግቡ ቀረበ። የእድሩ ሴቶች ጭልፋ ይዘው በየመሃሉ ያልፋሉ። እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ሳህኖቹን እያየሁ ነበር። ቀይ ወጡን ወሰዱ። ምስሩን ወሰዱ። የምንቸት አብሹ ድስት ሲቀርብ ግን እጅ በሳህኑ ላይ ይዘረጋል፦ "በቃኝ፣ በቃኝ።" "እሱ ይቅርብኝ፤ ጨጓራዬ።" አንዱ ደፍሮ አስጨመረ፤ እንጀራውን ከላዩ አጥፎበት ተነሳ። ቀይ ወጡና ምንቸት አብሹ የአንድ በሬ ሥጋ ናቸው። ያንን የበላ ይህን ቢበላ ምን ይሆናል? መምህሩ ከፊቴ ተቀምጧል። ጭልፋው ሲመጣለት አየኝ፤ ዓይኑን መለሰና "ትንሽ ሽሮ" አለ።

እኔ አስጨመርኩ። በሰው ሁሉ ፊት በላሁ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ሰው ከተበተነ በኋላ ወጥ ሠሪዋ ድስቱን ይዛ መጣች። ምንም አልጎደለም። "ጋሼ" አለችኝ፤ አጠገቤ ቁጭ አለች። የዛን ዕለት ሳቋ የለም።

"ሰው የሚለውን ሰምተው ይሆናል።"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲህ እኔ አንድ ነገር ልንገርዎት። እሷ አትንገሪ ብላኝ ነበር፤ ግን እርስዎ እንዲህ ሆነው ማየት አልቻልኩም። እርስዎ አልገደሏትም። እሷ እኮ አልበላችውም።"

"ምኑን?"

"ያንን። ካርቶኑን ካነበቡላት ቀን ጀምሮ አልቀመሰችውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቄራ ስንሄድ ሥጋ ይዘን እንመጣና በእኔ ቤት ማቀዝቀዣ ይቀመጣል። እርስዎ ሥራ ሲውሉ በእጇ ትከትፈዋለች። ለእርስዎም ያንኑ ነው ስትሠራ የኖረችው። አንድም ቀን ለይተውት አያውቁም፤ እኛ ስንት ጊዜ ስቀናል።" ቶሎ ብላ አፏን ያዘች። "ለክፋት አይደለም፤ ጋሼ። ታከብርዎት ነበር።"

"እኔ የማመጣውንስ?"

ወደ በሩ ዞራ አየች። ውሻው የድስቱ ሽታ ስቦት መጥቶ ድንኳኑ በር ላይ ቆሟል። አርጅቷል፤ ግን አሁንም ወፍራም ነው። እሱን አይቼ መልሱን አገኘሁት።

ሴትየዋ ይህን የነገረችኝ ልታሳርፈኝ ብላ ነው። እውነትም ከወንጀሉ ነጻ አወጣችኝ።

በማግሥቱ ወጥ ቤት ገባሁ። ከቁም ሳጥኑ ሥር፣ ከባዶ ጆንያ በስተጀርባ፣ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ መክተፊያ አገኘሁ። ከአንድ ግንድ የተቆረጠ ክብ እንጨት ነው፤ ከባድ ነው። መሃሉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ያን እንጨት እንዲህ የሚያጎደጉደው ውኃ አይደለም፤ ቢላ ነው፤ አንድ እጅ በአንድ አቅጣጫ፣ ለዓመታት። እኔ መክተፊያ አይቼ ስንት ዓመት እንደሠራ የምናገር ሰው ነኝ። አውራ ጣቴን በጉድጓዱ ውስጥ አዞርኩት፤ ልስልስ ነው። በዚህ ልስላሴ ላይ ነው "ማሽኑ ነው፣ ቢላ እንዲህ አያደርግም" እያልኩ የኖርኩት። ዓይኔን ሸፍናችሁ ጣቴን ሥጋ ላይ ብታሳርፉት እያልኩ የምፎክረው እኔ፣ ዓይኔ ተከፍቶ፣ በገዛ ገበታዬ ላይ፣ አልለየሁም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መምህሩ መጣ። መክተፊያውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ሰው የሚለውን አትስማ" አለኝ።

"ምን ይላል?"

"ያው... በሽታዋን ከሥጋው ጋር ያያይዙታል። እኔ በበኩሌ አላመንኩም።" ላብ ያበሰ መስሎ ግንባሩን አበሰ። "ግን አንተም አንድ ነገር ብትላቸው ጥሩ ነው። አንተ እኮ መልስ አታጣም። ደግሞ ብታስረዳቸው፣ ብትጽፍላቸው..."

መልሱ ጭኔ ላይ ነበር። ይኸው ብዬ ባሳየው ይበቃል፤ ይህን እንጨት እይ፣ የእኔ ማሽን የነካው ሥጋ በአፏ አልዞረም፣ አልገደልኳትም። መምህር ነው፤ በአንድ ቀን ሠፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ስሜም ይነጻ ነበር። ሠፈሩ የሚሰማው ግን ሌላም ነገር ነው፤ የገዛ ሚስቱም አላመነችውም፣ ሥጋውን ለውሻ ነበር የምትሰጠው ይላሉ። በዚያ ላይ ይስቃሉ፤ በእሷም ላይ ጭምር። እሷ ደብቃ የኖረችው ይህ እንዳይባልብኝ ነው።

ለራሴ የሚጠቅመኝን እያወቅኩ ሳልናገር ስቀር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

"ምን ብዬ ልጻፍላቸው?" አልኩት።

"ይህ የያዝከው ምንድነው?" አለኝ።

መክተፊያውን ገለበጥኩት፤ የጎደጎደው ወደ ጭኔ ሆነ።

"እንጨት ነው" አልኩት።